ሰመመን ለመስጠት ምን ያህል ሒሳብ ያስፈልጋል?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ያላቸው ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። “ልጄ የሕክምና ሙያ ትወዳለች፤ ሰመመን (አኔስቴዥያ) ደግሞ ሥራ አያሳጣም ይባላል፤ ነገር ግን ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ደከም ትላለች፤ ትችለው ይሆን?” ጥያቄው የወላጆች ብቻም አይደለም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ለዓመታት ያገለገሉና ሙያቸውን ማሳደግ የሚፈልጉ ነርሶችም ይጠይቁታል። የሚያገኙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ “ምን ሒሳብ አለው፣ መርፌ መውጋት አይደል?” ወይ ደግሞ “ፊዚክስ ካልቻልሽ ዝር እንዳትዪ።” ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

በቅድሚያ ሰመመን ሰጪ ስንል ማንን ማለታችን እንደሆነ መለየት ይበጃል። በኛ አገር ከጥቂት ትላልቅ ሆስፒታሎች በስተቀር በኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ራስጌ የሚቆመው በአብዛኛው ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ ነው። ይህ የድሃ አገር ብልሃት ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ ሲስተር ሜሪ በርናርድ የተባሉ መነኩሲት ነርስ በ1877 እ.ኤ.አ. ፔንስልቬንያ ውስጥ ይህን ሥራ ይዘው ነበር። የሜዮ ክሊኒኳ ነርስ አሊስ ማጎ ደግሞ በ1906 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ከ14 ሺሕ በላይ ሰዎችን በሰመመኑ ምክንያት አንድም ሰው ሳይሞት ማደንዘዟን ገልጻለች።

በኢትዮጵያም ሥራው ለረጅም ጊዜ የተያዘው ነርስነት ከተማሩ በኋላ ተጨማሪ የሰመመን ሥልጠና በወሰዱ ባለሙያዎች ነበር። “ነርስ አኔስቴቲስት” የሚለው መጠሪያ እስከ ዛሬ ከሰው አፍ ያልጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኋላ ላይ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ እየተቀበሉ በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመሩ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወራሽ የሆነው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የራሱ የሰመመን ትምህርት ክፍል አለው።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት የሆስፒታሎቹን አደረጃጀት ማየት ነው። በአገሪቱ መስፈርት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺሕ እስከ 100 ሺሕ ሕዝብ ያገለግላል፤ እዚያም አንዲት እናት በቀዶ ሕክምና መገላገል መቻል አለባት። አዲስ ዘመን፣ ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ያሉትን ሆስፒታሎች ያስቧል። ሌሊት ምጥ ጸንቶባት የመጣችን እናት ቀዶ የሚያደርግ ቢገኝ እንኳ ሰመመን ሰጪ ከሌለ ኦፕራሲዮን የለም። ሰመመን ሰጪዋ ብትኖርም “ይህ ስሌት ልክ ነው ወይ?” ብላ የምትጠይቀው የሙያ ባልደረባ በዚያ ሰዓት አጠገቧ ላይኖር ይችላል።

ከመቶኛ ወደ ሚሊ ግራም

እቅጩን ለመናገር ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ካልኩለስ የሚሠራ ሰው የለም። የዕለት ተዕለቱ ሒሳብ ማባዛት፣ ማካፈል፣ መቶኛና ምጥጥን ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ልዩነቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከአሥር ስምንት ካገኘ ጎበዝ ይባላል፤ እዚህ ግን ከአሥሩ አሥሩንም ማግኘት ግድ ነው፤ ያውም በጥድፊያ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ አንዳንዴም መብራት ጠፍቶ።

ሊዶካይንን እንውሰድ። ብልቃጡ ላይ “2 በመቶ” ይላል። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ግራም አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ይኖራል። አቋራጩ መቶኛውን በ10 ማባዛት ነው። ብዙ የትምህርት መጻሕፍት አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት ሊዶካይን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ4.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራሉ። 40 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከሆነች ጣሪያው 180 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 9 ሚሊ ሊትር ነው። ቀዶ ሐኪሙ “20 ሚሊ ሊትር ሙሉልኝ” ቢል የጠየቀው 400 ሚሊ ግራም፣ ከጣሪያው ከእጥፍ በላይ ነው። “ዶክተር፣ ይህ ይበዛባታል” ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል፤ ድፍረቱ የሚመጣው ደግሞ ስሌቱን ከሚያውቅ ሰው ነው።

አድሬናሊን ሌላ ቋንቋ ይናገራል። አምፑሉ ላይ የሚጻፈው “አንድ ለሺሕ” ተብሎ ነው፤ በ1,000 ሚሊ ሊትር 1 ግራም፣ ስለዚህ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም። “አንድ ለአሥር ሺሕ” ከተባለ 0.1 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከማደንዘዣ ጋር ሲቀላቀል “አንድ ለሁለት መቶ ሺሕ” ይባላል፤ ይህም በ1 ሚሊ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም ነው። ሦስት አጻጻፍ፣ ሦስት አሃድ። በሚሊ ግራምና በማይክሮ ግራም መካከል ያለው ልዩነት ሺሕ እጥፍ መሆኑን ሁሉም ተማሪ በቃሉ ያውቃል፤ እጁ ሲሪንጅ በያዘ ጊዜ የሚያስታውሰው ስንቱ እንደሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ኬታሚንም ወጥመድ አለው። አንዱ ብልቃጥ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ የሚያስፈልገው 20 ሚሊ ግራም ነው። ከመጀመሪያው ብልቃጥ 0.4 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው 2 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ብልቃጡን ሳያነብ በልማድ 2 ሚሊ ሊትር የቀዳ ሰው ሕፃኑን አምስት እጥፍ ሊሰጠው ይችላል። እዚህ ላይ ስህተቱ የሒሳብ ሳይሆን የማንበብ ነው ሊባል ይችላል። እኔ ግን ሁለቱን መለየት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም መልሱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባ አስቀድሞ በግምት የሚያውቅ ሰው 2 ሚሊ ሊትር ሲያይ እጁ ይቆማል።

ስለ ሕፃናት ካነሳን፣ የአንድን ልጅ ክብደት በዕድሜው ለመገመት “ዕድሜ ሲደመር 4፣ ሲባዛ በ2” የሚል ቀመር በትምህርት ይሰጣል። የ4 ዓመት ልጅ 16 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ የቀነጨሩ ነበሩ። ቀመሩ 16 ኪሎ ያለው ልጅ ሚዛን ላይ ሲወጣ 12 ኪሎ ከሆነ፣ በቀመሩ የሚታዘዘው መድኃኒት በሲሶ ይበዛበታል። ልጁን መመዝን ነው መፍትሔው። ሚዛን የሌለበት ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ግን ቀመሩ ለማን ልጆች እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

ግሉኮስ ማንጠልጠልም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ከተባለ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ቱቦው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ከሆነ፣ 125 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ60፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ፓምፕ በሌለበት ነርሷ ሰዓቷን እያየች ጠብታ የምትቆጥረው ለዚህ ነው።

ከጉና ሥር ያለው ፊዚክስ

እስካሁን ያየነው የትም አገር ያለ ነው። ደቡብ ጎንደርን የሚለየው ሌላ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያው ዞን ወደ ጣና ዝቅ ብለው ፎገራንና የወንዛዬን ፍል ውሃ ያገኛሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው ጉና አለ። ደብረ ታቦር ያደገ ሰው ያለ ፊዚክስ መምህር የሚያውቀው ነገር አለ፤ ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ ደጋው ላይ ለመብሰል ጊዜ ይፈጃሉ። ምክንያቱ ውሃው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ውሃውን ቶሎ የሚያፈላው የአየር ግፊት ማነስ ነው፤ ይኸው ግፊት ነው ኦፕራሲዮን ክፍሉም ውስጥ የሚገኘው።

በጅቡቲ ወደብ የአየሩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው እንበል። በደብረ ታቦር ከፍታ ወደ 550 ይወርዳል። በሁለቱም ቦታ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ መቶኛው አይለወጥም። የሚለወጠው ኦክስጅኑ ወደ ደም እንዲገባ የሚገፋው ኃይል ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። ከአየሩ ግፊት ላይ ሳንባ ውስጥ ላለው የውሃ ተን 47 ይቀነሳል፤ የቀረው በኦክስጅኑ ድርሻ ይባዛል፤ ከዚያ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ለ0.8 ተካፍሎ ይቀነሳል።

ጅቡቲ ላይ 760 ሲቀነስ 47፣ 713 ነው፤ በ0.21 ሲባዛ 150 ይሆናል። የጤነኛ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 40 ነው፤ ለ0.8 ሲካፈል 50። ስለዚህ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው የኦክስጅን ግፊት 100 ነው። ደብረ ታቦር ላይ ግን 550 ሲቀነስ 47፣ 503 ነው፤ በ0.21 ሲባዛ 106 ገደማ። ደገኛው ትንሽ ፈጠን ብሎ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 34 ነው ብንል፣ የሚቀረው 63 ነው። ሰውየው ደህና ነው፤ ይሄዳል፣ ያርሳል። ነገር ግን መጠባበቂያው ትንሽ ነው።

አሁን ይህ ሰው ሰመመን ተሰጠው እንበል። ማደንዘዣ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 60 ወጣ። 60 ለ0.8 ሲካፈል 75 ነው። ጅቡቲ ላይ 150 ሲቀነስ 75፣ 75 ይቀራል፤ አያስደስትም፣ ግን ጊዜ ይሰጣል። ደብረ ታቦር ላይ 106 ሲቀነስ 75፣ 31 ይቀራል። ይህ ሰው ሊሞት ነው። ሰውየው ያው፣ መድኃኒቱ ያው፣ የትንፋሹ መድከም ያው፤ የተለየው ከፍታው ብቻ ነው። ኦክስጅኑን ወደ 30 በመቶ ብናሳድግለት 503 ሲባዛ በ0.30፣ 151 ይሆናል፤ ጅቡቲ ላይ ተራ አየር እንደተነፈሰ ያህል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር በባሕር ጠለል ላይ የተጻፈ መጽሐፍ “30 በመቶ ኦክስጅንና 70 በመቶ ናይትረስ ኦክሳይድ ስጥ” ሲል፣ ደብረ ታቦር ላይ ቃል በቃል የሚከተለው ባለሙያ ለታካሚው የሰጠው የቆላ ተራ አየር ነው። ናይትረስ ኦክሳይዱም ቢሆን ግፊቱ ስለሚቀንስ እንደ መጽሐፉ አያደነዝዝለትም።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ከስምንተኛ ክፍል የሚያልፍ ነገር የለም። መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል ነው። ተማሪውን የሚፈትነው 47ቱ ከየት እንደመጣ፣ 0.8ቱ ምን እንደሆነ፣ በመቶኛና በግፊት መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ ማወቁ ነው። “ሒሳብ ይከብደኛል” የሚሉ ብዙ ልጆች የሚከብዳቸው ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የሚወክለው ነገር።

ቀመሩ ደግሞ የመጨረሻው ቃል አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ስሜን ተራሮች ውስጥ በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞችን ለክተው ነበር። ከፍታው ደማቸውን ያወፍረዋል፣ የኦክስጅን መጠናቸውንም ዝቅ ያደርገዋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሁለቱም በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም ያልራቁ ሆነው ተገኙ፤ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ነበር። የአንዲስና የቲቤት ሰዎች እንዲህ አልነበሩም። ይህ ማለት የደጋ ተወላጅ ሰመመን አይጎዳውም ማለት አይደለም፤ የደብረ ታቦር ሰውም ሁሉ እንደ አምባራስ ሰው ነው ማለት አይደለም። ይልቁንም ጣት ላይ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር 90 ሲያሳይ “ለደጋ ሰው ልክ ነው” ብሎ ማለፍም፣ ደንግጦ ኦፕራሲዮኑን ማስቆምም ሁለቱም ግምት መሆናቸውን ያሳያል። ሰመመኑ ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ተራ አየር እየተነፈሰ ስንት እንደነበር ተለክቶ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ግምቱ ይቀራል።

መሣሪያው ራሱም ፊዚክስ ነው። ጃፓናዊው ታኩዎ አዮያጊ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኘው ዘዴ ቀይና ከቀይ በታች የሆነ ብርሃን ጣት ውስጥ አልፎ ምን ያህል እንደቀረ በማነጻጸር ይሠራል። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይህ መሣሪያ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕሙማን ላይ የኦክስጅንን ማነስ ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ብርሃኑ በምን በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ብዙ አይገርመውም።

የኦክስጅን ሲሊንደር ደግሞ የቦይል ሕግ ማለት ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ 150 ባር ካለ ውስጡ 1,500 ሊትር ኦክስጅን አለ። በደቂቃ 5 ሊትር ከተከፈተ 300 ደቂቃ፣ 5 ሰዓት ይቆያል። ጌጁ ወደ 40 ከወረደ የቀረው 400 ሊትር፣ 80 ደቂቃ ነው። ታካሚውን ወደ ባሕር ዳር በአምቡላንስ ለመላክ ሲታሰብ መንገዱ ከ80 ደቂቃ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም የሚለውን ከመነሳቱ በፊት የሚያስበው አንድ ሰው ያስፈልጋል። ናይትረስ ኦክሳይድ ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ ጌጁ እስከ ማለቂያው ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። የኦክስጅኑን ሒሳብ እዚህ ያመጣ ሰው ይሸወዳል።

ኬሚስትሪና ባዮሎጂውን በአጭሩ እንለፈው። ከትምህርቱ ሰፊውን ጊዜ የሚወስዱት የሰውነት አሠራርና የመድኃኒት ትምህርት ናቸው፤ ትጉህ ተማሪ ይወጣቸዋል። ሎጋሪዝም ብቅ የሚለው በአሲድና ቤዝ ላይ ነው። መግል የቋጠረ ጥርስ ወይም እብጠት በመርፌ አልደነዝዝ የሚለው አካባቢው አሲድ ስለሚበዛበት ነው፤ አሲዱ መድኃኒቱን ወደ ነርቭ ሰርጎ እንዳይገባ ያደርገዋል። አሲዱን የምንለካበት ሚዛን ሎጋሪዝም ስለሆነ የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። ይህን መረዳት እንጂ በእጅ ማስላት የሚጠይቅ የለም።

ወደ አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ነርሶችም ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ ይጠይቃሉ። እዚያ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ነርስ አኔስቴዥያ የሚገቡ ሁሉ የዶክትሬት ፕሮግራም ውስጥ ነው የሚመዘገቡት። ነርስነቱ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልምድ፣ እንዲሁም እንደ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ፣ አንዳንዴም ፊዚክስ ይጠየቃሉ። ካልኩለስ እዚያም እምብዛም አይጠየቅም።

የኛ ችግር ከመግቢያው በፊት ያለው ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀጣዩ ዓመትም 3.2 ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች የሚቀርባቸው የ12ኛ ክፍል ካልኩለስ ብቻ አይደለም፤ መቶኛና ምጥጥን የሚማሩባቸው ዓመታት ጭምር ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያ ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ መስጠቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እዚያ የሚሰጠው የስምንተኛ ክፍሉ ተይዟል ተብሎ ነው። በእኔ እምነት የሰመመን ትምህርት ክፍሎች ተማሪ ሲቀበሉ አንድ ሳምንት ለመድኃኒት ስሌት ብቻ ቢመድቡና ከመቶ መቶ ያላመጣውን እስኪያመጣ ደጋግመው ቢፈትኑት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ልጃቸው ትችል እንደሆነ ለሚጠይቁ ወላጆችም የሚቀልላቸው እቤታቸው መሞከር ነው። 0.5 በመቶ የሆነ ቡፒቫኬይን 4 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም አለ? ስልኳን ሳትነካ ትመልስ፤ ከዚያም እንዴት እንዳገኘችው ታስረዳ። መልሱ 20 ነው። ማስረዳቱ ካቃታት ገና ጊዜ አለ፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መጽሐፏን ከመደርደሪያው ታውርድ።